ከድራማው የተሰረዘው ለቅሶ

ስለ ተማሪዎች የሚሠሩ የቴሌቪዥን ድራማዎች ደሜን ያፈሉት ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ የሠላሳ ዓመት ጎረምሶች፣ ጥፍሯን ተቀብታ ፈተና የምትቀመጥ ልጅ፣ ከመጮህ በቀር ሥራ የሌለው ርዕሰ መምህር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሃያ ሰው ነው፤ እሱም ለየብቻው ተቀምጦ! እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ተማሪ ያለበት ክፍል ያየሁት በአረፋ ማግስት ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድራማ ሲመጣ እየተሳደብኩ ነው የማየው። ባለቤቴ "አቦ፣ ወይ እይው ወይ ዝጊው" ይለኛል። አልዘጋውም፤ ከዘጋሁት ምን ላይ እናደዳለሁ?

አንድ ቀን ከቴሌቪዥን የመጡ ሦስት ሰዎች ትምህርት ቤታችን ገቡ። በእውነተኛ ተማሪዎች፣ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ የድሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገጥማቸውን ነገር የሚያሳይ ድራማ መሥራት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የድራማ ክበቡ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ነው ወደ እኔ የመጡት። ደስታዬን ለመደበቅ ታገልኩና "ድርሰቱን ማን ይጽፈዋል?" አልኳቸው። አዲስ አበባ የሚያስጽፉት ሰው እንዳለ ነገሩኝ። "የድሬን ልጅ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የትኛው ነቢይ ነው? እኔ እጽፈዋለሁ" አልኩ። እንዲህ ነኝ፤ አፌ ከእኔ ይቀድማል። አያቴ ለምድር ባቡር ሥራ ከደጋ ወርዶ ድሬ ከዚራ ሰፈር የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አስተምሬያለሁ። ይቺን ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

ድራማው አሥር ክፍል እንዲሆን ተስማማን። ፈተና ላይ በስልክ ስለሚቀዳው ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት አጥር ስለሚዘሉት ጎረምሶች፣ አባቱ ሐኪም ሁን እያለው እሱ ጥገና ስለሚወደው ልጅ ጻፍኩ። ሦስቱ ክፍሎች በቀላሉ ወጡልኝ። ለአራተኛው ግን ከራሴ ራስ ያልወጣ ነገር ተጠቀምኩ።

ነገሩ የአንዲት ተማሪዬ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል፣ መስኮት ዳር፣ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር የምትቀመጥ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እንድታነብ ሳስነሳት ግን ድምጿ ክፍሉን ሞልቶ ኮሪደር ይወጣል፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ጎረምሶች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ከክፍል ጓደኞቿ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። እኩዮቿ አሥራ ሁለተኛ ደርሰው እሷ ለምን ወደ ኋላ እንደቀረች ሲጠይቋት "ጅቡቲ አክስቴ ጋር ነበርኩ" ትላለች። ድሬ ላይ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ሰው ስለማይገኝ ሁለተኛ የጠየቃት አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ "የማልረሳው ዓመት" የሚል ድርሰት አዘዝኳቸው። አብዛኞቹ ስለ ኳስና ስለ ሠርግ ጻፉ። እሷ "አንዲት ልጅ ነበረች" ብላ ጀመረች። የልጅቷ እናት ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። እናትየው በወገብ ሕመም አልጋ ላይ ስትውል ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ሱቁን ትይዛለች። ዓመቱ ሲያልፍ እናት ትነሳለች፣ ልጅቷም ወደ ክፍል ትመለሳለች፤ የት ነበርሽ ሲሏት ግን አክስቴ ጋር ትላለች። ገጽ ተኩል ነው። አንድም ዋይታ የለበትም፤ የሚያወራው ስለ ጨርቅ፣ ስለ ደንበኛ፣ ጠዋት የሱቁ በር ሲነሳ ስለሚያሰማው ድምፅ ነው። ስምንት ከአሥር ሰጠሁና ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ "ስሜት ይጎድለዋል" ብዬ ጻፍኩ። ሳስታውሰው እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ልብ ወለድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነት መሆኑን ሆዴ ያውቅ ነበር። ግን ብጠይቃት "አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አትጻፊው" እንዳትለኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሳልጠይቃት ወሰድኩት፤ የጎደለውን ስሜትም እኔ ሞላሁለት። በእኔ ድርሰት ልጅቷ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ "እናቴ ልትሞትብኝ ነበር" እያለች ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች። ክፍሉ ሁሉ አብሯት ያለቅሳል፤ ከዚያ ተነስተው ያቅፏታል። ስጽፈው እኔም አለቀስኩ። ካለቀስኩማ ጥሩ ነው አልኩ።

ይኸው አንሶኝ፣ ያንን ገጸ ባሕርይ እሷው ራሷ እንድትጫወተው መረጥኳት። የምትደሰት መስሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ የጻፈችው ነገር ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ከመኩራት ሌላ ምን ይሰማታል? ድንገት ገጹን ገልጣ ስታየው ፊቷ እንዴት እንደሚበራ እያሰብኩ ሳልነግራት ቆየሁ። አስተማሪ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የሚያርመው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ክበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሰቱን ለማንበብ ተሰበሰበ። አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሦስቱን ክፍሎች እየሳቅን ጨረስን። ክፍል አራት ላይ ስትደርስ ድምጿ አንድ ጊዜ ቆመና ቀጠለ። ገጸ ባሕርይዋ አንዱ ሲጠይቃት "ጅቡቲ አክስቴ ጋር ነበርኩ" የምትልበት ቦታ አለ። ጅቡቲን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ድርሰቷ ላይ አክስቴ ጋር ብቻ ነበር ያለችው፤ እኔ ግን ከአፏ የሰማሁትን ጨመርኩበት። የክፍሉ ቀልደኛ፣ ምላሱን መያዝ የማያውቅ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ብድግ ብሎ "እንዴ! ይቺም ጅቡቲ? አንቺም ጅቡቲ ነበርሽ አይደል?" አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። በቅንፍ የጻፍኩትን "ታለቅሳለች" ሳይቀር፣ ልክ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው፣ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ፊቴ አስቀመጠችና "ቲቸር፣ ለእኔ አይሆንም። ሌላ ሰው ፈልጊ" ብላ ወጣች።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ቀልደኛው ልጅ መጥቶ "ቲቸር፣ ወላሂ ቀልዴን እኮ ነው፤ ምን ሆና ነው?" አለኝ። እሱን ልቆጣው አፌን ከፈትኩና የሚቆጣው ሌላ ሰው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። በዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከሳምንት በላይ የቀረ ልጅ አይመለስም። አንድ ጊዜ ወጥታ የተመለሰች ሴት ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ከወጣች አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ የቆየ የእናት ሕመም ጨርሶ ከትምህርት ያላስቀራትን ልጅ እኔ በአንድ ድርሰት ላስቀራት ነበር። ድራማው ይቅር ብል እንኳ እሷ መመለሷን የሚያውቅ አልነበረም።

ረቡዕ ታይዋን ሄድኩ። ድሬ ላይ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት የሚሠራው ፀሐይ ብቻ ስለሆነ ሱቆቹ ተከፍተው ገበያው እስኪነቃ ጠብቄ ባጃጅ ያዝኩ። ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ድምጿን ከሩቅ ሰማሁት። ክፍል ውስጥ ስታነብ ኮሪደር የሚወጣው ያ ድምፅ እዚህ መንገዱን ሁሉ ይዞታል። እናቷ ወገቧን በሰፊ ቀበቶ አስራ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ እኔን ስታይ ድምጿ ጠፋ፤ ዞራ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

"ቲቸሯ አንቺ ነሽ?" አለች እናትየው። ድሬ ላይ አንቱታ ከሙቀቱ ጋር አይስማማም፤ ለሙፍቲውም ለቄሱም አንተ ነው። "ነይ፣ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።"

የጨርቅ ቦንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጡኝ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋና "ጥፋተኛ ነኝ። የእሷን ነገር ሳልጠይቃት ወሰድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኩ። እናትየው ልጇን አየቻት። ልጅቷ ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

"ምስጢሬን ስላወጣሽው አይደለም" አለች ልጅቷ፣ ሳታየኝ። "እሱም አለ። እሱን ግን እችለዋለሁ።"

"እና ምንድነው?"

"ምስኪን አደረግሽኝ።" አሁን ዞረች። "አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ሱቅ ቆሜ ማንም ምስኪን ብሎኝ አያውቅም። አንቺ በሁለት ገጽ ምስኪን አደረግሽኝ። እዚያ ቆሜ ላለቅስ? በምን? ተበድዬ ነው? ሠርቼ እኮ ነው!"

"አልጋ ላይ ሳለሁ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ፊቴ አላለቀሰችም" አለች እናቷ። "አንቺ ለምን ታስለቅሻታለሽ አቦ?"

ብርጭቆውን አስቀምጬ ለመሄድ ብድግ አልኩ። እናትየው አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ከመጣሽ አይቀር ቁጭ ብለሽ እይ" አለችኝ። ተቀምጬ አየሁ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ከሰዓት ያለ ትምህርት ግን አላስታውስም። መንገዱ ላይ ሴት ታልፋለች። ሴትየዋ አፏን አልከፈተችም፣ ሰላምታም አልሰጠችም። ልጅቷ "ሶ ደዎው ኤዶ" ትላታለች በሶማሊኛ፣ ነይ ግቢ አክስቴ ማለቷ ነው፤ ሴትየዋ ዞራ ትገባለች። ቀጥሎ ሌላዋ ስታልፍ "ኮቱ ኢላሊ" ትላለች በኦሮምኛ፣ ነይ እይ ስትል፤ ያችም ትገባለች። ለሐረሪዋ በሐረሪ፣ ለደገኛው በአማርኛ። አንድም ጊዜ አልሳተችም። ደንበኛን አፉን ከመክፈቱ በፊት በቋንቋው ካልጠሩት አልፎ ይሄዳል፤ በታይዋን ይህን የማይችል ሱቅ አይዝም። አንዴ እንኳ ብትሳሳት ኖሮ ያን ያህል ባልተገረምኩ ነበር።

"እንዴት ታውቂያለሽ?" አልኳት ገበያው ፋታ ሲሰጥ።

"በእጃቸው። ደጅ የተሰቀለውን ጨርቅ እንዴት እንደሚነኩት አያለሁ። የሶማሌ እናቶች ድርያ ቀሚሱን ወደ ብርሃን ከፍ ያደርጉታል፣ ስስነቱን ለማየት። ሐረሪዎቹ ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ። ከገጠር የሚመጡት በክንዳቸው ይለኩታል።" ትንሽ ፈገግ አለች። "ያንቺ ሰዎች፣ ደገኞቹ፣ ደግሞ አይነኩትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሦስት ሱቅ ዞረው ይመለሳሉ።"

እናቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ የለበስኩትን ሸሚዝ የገዛሁት ልክ እንደዚያው ነበር። ይቺን ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ በሃያ ሰባት ዓመት ያላየሁትን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከሱቅ በር ቆማ አይታዋለች። አፈርኩ። ከማፈሬ ጋር ደግሞ ኮራሁባት፤ ሁለቱ አብረው መምጣት እንደሚችሉ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ስነሳ ከቦርሳዬ ክፍል አራትን አወጣሁና ከቀይ እስክሪብቶዬ ጋር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። "አርሚው" አልኳት። "ካልፈለግሽ ቅደጂው። ትምህርት ቤት ግን ነይ።" አስብበታለሁ አለችኝ።

ሐሙስ አልመጣችም። እቤት እራት አልበላ አለኝ፤ ባለቤቴ ቴሌቪዥን ከፍቶ እንድሳደብ ጋበዘኝ፣ እሱም አልሆነልኝም። ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳያት ሮጬ ላቅፋት ቃጣኝ። አልሮጥኩም፤ አስተማሪ ነኝና። ወረቀቱን በእጄ ሰጠችኝ። ቀይ በቀይ ሆኗል። የተንሰቀሰቀችበት ተሰርዟል፤ የተቃቀፉበት ተሰርዟል፤ "እናቴ ልትሞትብኝ ነበር" ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ከግርጌው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "ስሜት በዝቶበታል። አምስት ከአሥር" የሚል ሰፍሯል። በገዛ ራሷ ድርሰት ላይ ከሰጠኋት በሦስት ያነሰ ነው። ይገባኛል።

"እጫወተዋለሁ" አለችኝ። "የምናገረውን ግን አላሳይሽም። ለማንም አላሳይም። ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት የእኔው ክፍል ልጆች ይሁኑ፤ አንድ ጊዜ ነው የምነግራቸው።"

"ድራማ መሆኑን አውቀው ነው ወይስ እውነት መሆኑን?"

"እሱን እዚያው ይወቁት።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ከሳቁብኝ ሱቅ አለኝ፣ ቲቸር" አለችኝ። ዛቻ አልነበረም። ሁለት በር እንዳላት ነው የነገረችኝ። አንደኛው ከተዘጋ በሌላው ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ማንም አይመልሳትም። የአምሳ አምስት ተማሪ አፍ ላይ የልጅቷ ትምህርት ተንጠልጥሎ ነበር፣ እነሱ ደግሞ አያውቁም።

ቀረጻው ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ነበር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ብለን። ምንም አልጠቀመንም። ድምፅ የሚቀዳው ሰው ቬንትሌተሮቹ ይጮሁብኛል ብሎ አስጠፋቸው፤ መስኮቱንም ለመኪና ድምፅ ብሎ ዘጋው። አምሳ አምስት ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ወንበር ተጠጋግተው ላባቸው ይወርዳል። አዘጋጁ ወጣት ነው፣ ትሑትና ሥራ ወዳድ። እጁ ላይ ያለው ግን የድሮው ጽሑፍ ነበር። አዲሱን ልስጠው ብል አዲስ አልነበረኝም፤ እሷ ራስ ውስጥ ነው ያለው። "የሚሆነውን ሁሉ ቅረጽ፣ አታቁም" ብቻ አልኩት። ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ወጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሻርፗን አስተካከለች።

"ጅቡቲ አልሄድኩም" አለች። "ጅቡቲ አክስት የለኝም። ታይዋን ነበርኩ።"

አንዳንዶቹ ተያዩ። ይሄ ድራማው ላይ አለ? ቀልደኛው ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"እናቴ ታማ ነበር። አንድ ዓመት ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ። ታናናሾቼን የማበላው እኔ። አንተ" አለች ወደ ቀልደኛው እየጠቆመች፣ "ከእናትህ ጋር ጎረቤታችን ሱቅ ጫማ ልትገዛ መጥተህ ነበር። ሳይህ ከተሰቀለው ልብስ ጀርባ ተደበቅኩ። አንቺም መጥተሻል። አንቺም። ሁላችሁንም አይቻችኋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ዩኒፎርም ባየሁ ቁጥር ተደበቅኩ። ከዚያ ደከመኝ። ለምን እንደምደበቅ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ። ሥራዬን ጎበዝ ነበርኩ። እዚህ ክፍል ውስጥ ካላችሁት አንድ ሱቅ ለአንድ ቀን መያዝ የሚችል አለ?"

አንዱ እጁን ግማሽ አንስቶ መልሶ አወረደው።

"ላሳያችሁ" አለችና እጇን ዘርግታ፣ ገበያ ላይ በሰማሁት በዚያ ድምፅ፣ ክፍሉን መጥራት ጀመረች። ከፊት ለተቀመጠችው በሶማሊኛ፤ ለመሐሉ ረድፍ በኦሮምኛ፤ በግድግዳው በኩል ለተቀመጡት ሁለት ጓደኛሞች በሐረሪ፤ መስኮት ዳር ላለው በአማርኛ "ና ወንድሜ፣ ማየት ነጻ ነው!" እያለች። ማን የቱን ቋንቋ ቤቱ እንደሚናገር አንድም አልሳተችም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ሳቅ ሳልሞት አልረሳውም። የትኛው ሳቅ እንደሆነ ለማወቅ የፈጀብኝ ጊዜ ምናልባት ሁለት ሰከንድ ነው፤ በሁለቱ ሰከንዶች ውስጥ ግን የታየኝ የሱቁ በር ነው። እሷም ቆመች። እጇ እንደተዘረጋ፣ አገጯ ቀና እንዳለ፣ ጠበቀች።

"ሜቃ?" አለ ቀልደኛው ከኋላ፣ ስንት ነው እያላት በኦሮምኛ። ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ እንደ ደንበኛ፣ ከልቡ ነው የጠየቃት። "ዋ ኢሚሳ?" አለች ከፊት ያለችው በሶማሊኛ። "ቀንሺልን እንጂ!" አለ መስኮት ዳር ያለው። ከየወንበሩ በየቋንቋው ዋጋ ይጠይቋት ጀመር፤ ቤታቸው ብቻ የሚናገሩትን፣ ክፍል ውስጥ የማይሰማውን ቋንቋ ሁሉ አወጡት።

"አይቀነስም!" አለች እየሳቀች። "ለናንተ በጭራሽ አይቀነስም!"

ያኔ አጨበጨቡላት። ወንበሩን እየደበደቡ፣ እያፏጩ፣ አንዳንዶቹ ወንበር ላይ ቆመው። ድምፅ የሚቀዳው ሰው ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ድሬዳዋ ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ፤ ይህን ልጽፍ ነበር የፈለግኩት፣ እጄ ግን ለቅሶ ጻፈ።

ጸጥ ሲል አዘጋጁ ላቡን እየጠረገ ተነሳ። "በጣም ድንቅ ነው! በጣም! አሁን አንድ ጊዜ ደግሞ መጨረሻውን በእንባ እንውሰደው።"

"ያኔ አላለቀስኩም" አለችው በትሕትና። "አሁንም አላለቅስም።"

ወደ እኔ ዞረ። "ድርሰቱ ላይ አለ እኮ።"

"ተሰርዟል" አልኩት።

"ማን ሰረዘው?"

"ደራሲዋ" አልኩና እሷን አሳየሁት። ስሟም ደራሲ ተብሎ ከእኔ ስም በላይ እንዲወጣ እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ ነገርኩት። ተማሪ ናት፣ እንዴት ይሆናል ምናምን ሊል ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው።

ቬንትሌተሩ በራ። ልጆቹ እንደ ንብ ከበቧት። ቀልደኛው "ጫማው እኮ ጠበበኝ፣ ያኔ ከተደበቅሽበት ብትወጪ ኖሮ ልኬን ትመርጪልኝ ነበር" ሲላት ሰማሁ፤ ይቅርታ መጠየቂያው ያ ነው። ከዚያ የሒሳብ መምህሩ መጥቶ ድራማው ካለቀ ቦታችሁን ያዙ አለ። የካሜራ ሰዎቹ ገመዳቸውን ሲጠቀልሉ እሷ መስኮት ዳር ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ሄዳ ደብተሯን አወጣች።

ክፍል አራት የታየው ሰኔ ላይ ነው፣ ምሽት አንድ ሰዓት። ቤቴ ማየት እችል ነበር፤ ታይዋን ሄድኩ። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ መንገዱ አዙሮት ነጋዴው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሽርጥ የለበሰው፣ ጋቢ የደረበው፣ ልጅ ያዘለችው። ልጅቷ አልነበረችም። በማግስቱ የኬሚስትሪ ፈተና ስለነበረባት ቤቷ ታጠና ነበር። እናቷ ግን ወንበሯን ከሱቁ አውጥታ ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች።

ልጅቷ ሰሌዳው ፊት ቆማ "ታይዋን ነበርኩ" ስትል ከኋላዬ አንዱ ነጋዴ በጩኸት አወደሳት፤ ዝም አሰኙት። ያን ጊዜ አንዲት ገበያተኛ ከሱቁ ደጅ አንድ ቀሚስ አንስታ መጣችና ወደ እናትየው ጎንበስ ብላ "ስንት ነው?" አለቻት። እናትየው ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም።

"አሁን አልሸጥም" አለች። "ልጄ እየተናገረች ነው።"

ሴትየዋ ቀሚሱን እንደያዘች ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከዚያ ወደ ቦታው መልሳው ከጎኔ ቆመች።